የተቆለፈው ቁም ሣጥን

ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ለፈተና ስታጠና አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። «የታዳሽ ኃይል ምንጮች ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ውኃና የከርሰ ምድር እንፋሎት ናቸው» ትልና ደብተሯን ከድና ትደግመዋለች። 30 ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ደስ ብሎኝ አዳመጥኳት። ድንገት ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ነፋስ ግን እንዴት ነው መብራት የሚሆነው?» አለችኝ።

«ነፋሱ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ ደግሞ ጄኔሬተሩን…» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱማ ደብተሬ ላይም አለ!»

እውነቷን ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር እኔም ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገልብጫለሁ።

የታናሽ ወንድሟን የተሰበረች የመጫወቻ መኪና አምጥተን ፈታናት። አውራ ጣት የምታህል ሞተር ወጣች። ይህች ሞተር ባትሪ ሲሰጧት ትሽከረከራለች፤ በእጅ ሲያሽከረክሯት ደግሞ በተራዋ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ውስጧ ማግኔትና የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለና። ሽቦዎቿን ከአሮጌ ሬዲዮ ከፈታናት ቀይ የኤልኢዲ መብራት ጋር አገናኘን። ቀዩን የመረጥኩት ወደ 2 ቮልት ገደማ ስለሚበቃው ነው፤ ነጩ 3 ያህል ይፈልጋል።

ዘንጓ ላይ ክር ጠምጥመን ሳብን። አልበራም። ደገምን፤ አሁንም የለም። «ተቃጥሏል መሰለኝ» ልል ስል ልጅቷ ሽቦዎቹን አቀያየረቻቸው። «ባትሪም እኮ ተገልብጦ ሲገባ አይሠራም» አለች። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑን ማንም አልነገራትም። ክሩን ሳበችው፤ ብልጭ አለ። ጩኸቷን ሰምታ እናቷ ከማዕድ ቤት ሮጣ መጣች።

ቀጥለን ከሃይላንድ ፕላስቲክ ክንፍ ቆርጠን ሞተሯ ላይ ሰካንና በረንዳ ላይ አወጣናት። ዞረች፤ መብራቱ ግን አልበራም። «ነፋሱ ደካማ ነው፤ ቀስ ብላ ነው የምትዞረው» አለች ራሷ። ትንሽ ቆይታም፣ «አዳማ ያሉት ለካ ለዚህ ነው ኮረብታ ላይ ያቆሟቸው!» አለች። የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንደሆነ ለተማሪዎች ስናገር ኖሬያለሁ። እንደዚህ ብሎ የመለሰልኝ ተማሪ ግን አላስታውስም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት አንድ ቁም ሣጥን ነበር። ውስጡ በእጅ የሚዘወር ጄኔሬተር ከነላስቲኩ ተቀምጧል። በሞዴል 22 ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ፣ ቢሰበር ከደመወዜ! ስለዚህ ቆለፍኩት። የሚከፈተው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነበር። ጡረታ ስወጣ ሳስረክብ ምንም ሳይጎድል በመገኘቱ ተመስግኛለሁ። ዛሬ ያ ምስጋና ያሳፍረኛል።

እናንተ ወላጆችና አያቶች፣ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ውጤት ብቻ አትጠይቁ። «የሳይንስ ዕቃው ይከፈታል ወይ? ልጆቹ ነክተውት ያውቃሉ? ቢሰበርስ ኃላፊው ማን ነው?» በሉ። መምህሩ ብቻውን እንዳይከፍል ወላጁ ካልቆመለት፣ እንደ እኔ መቆለፉ አይቀርም። ዕቃ የሌለው ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ የተሰበረ መጫወቻና የማይሠራ ሬዲዮ ከመጣላችሁ በፊት ለሳይንስ መምህሩ አሳዩት። ልጆች የግድግዳ ሶኬት፣ ያበጠ የሞባይል ባትሪና አሮጌ ቴሌቪዥን ግን እንዳይነኩ፤ እነዚህ ጉዳት ያመጣሉ።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ከረጢት ሙሉ ሞተርና ሽቦ ይዤ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የሳይንስ መምህርቷ ወጣት ናት። ከረጢቱን ከፍታ ዓይኗ በራ፤ ወዲያው ግን ፊቷ ላይ የማውቀው ስጋት መጣ።

«አባቴ፣ ቢጠፋብኝስ? ቢሰብሩትስ?»

«ይስበሩት ልጄ፤ ፊርማ የለበትም» አልኳት።