ጫጩቱን ወደ ውኃው መልሱ

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ዓሣ ማጥመድ ነው።

ባለፈው ጥር፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከግልገል በለስ ተነሥተን ወደ በለስ ወንዝ ወረድን። አራት ሰዎች ነበርን። መንጠቆ፣ ክር፣ ትልና አንድ ጆንያ ይዘናል። ፀሐይ ሳትጠነክር ውኃው ዳር ደረስን። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውንም ዓሣንም ያሸሻል። ማልዶ የሄደ ይጠቀማል።

እስከ ረፋድ ድረስ ዐሥራ አንድ ዓሣ ያዝን። ስድስቱ ትልልቅ አምባዛና ቢልጫ ነበሩ። አምስቱ ግን ከመዳፍ የማይበልጡ የቆሮሶ ጫጩቶች ናቸው። ከመካከላችን አንዱ፣ «ተዉት፣ ለወጥ ይሆናል» አለ። ሌላው፣ «ይኼ እኮ ገና ልጅ ነው፤ አልወለደም። እንመልሰው» አለ። ተከራከርን። በመጨረሻ እንመልስ ብለን ተስማማን። ጆንያውን ስንፈታ ሦስቱ ሞተዋል። ሁለቱን ብቻ ወደ ውኃው ለቀቅን። ክርክራችን ሦስት ዓሣ ገደለ።

ታዲያ ለሦስት ጫጩት ይህን ያህል ማዘን ምንድን ነው? ትሉ ይሆናል። ነገሩን እናስረዳ።

ቆሮሶ እናት ናት። እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። በአንድ ጊዜ በአፏ የምትይዘው ብዙ መቶ ሊሆን ይችላል። ሳትወልድ የተያዘች ቆሮሶ ያን ሁሉ ይዛ ትጠፋለች።

አምባዛና ቢልጫ ደግሞ የሚራቡት በክረምት ነው። ወንዝ ሲሞላ አምባዛ ጎርፍ ወደ ሸፈነው ሣር ይወጣል፤ እዚያ ይጥላል። ቢልጫ ጠጠር ያለበትን ንጹሕ ወንዝ ፈልጎ ሽቅብ ይዋኛል። በዚያ ወቅት የወንዙን አፍ በመረብ የዘጋ ሰው፣ የዘንድሮውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ዓመት ዓሣ ያዘ ማለት ነው።

እውነቱን እንናገር። እኛም አጥፍተናል። በልጅነታችን የብርብራ ፍሬ ወቅጠን በአንድ ትንሽ ወንዝ ላይ በትነናል። ብርብራ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ትልቁም ትንሹም ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። እኛም እየሳቅን ለቀምን። የለቀምነው ግን ከሞተው ግማሹን እንኳ አይሆንም። በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ስፍራ ተመለስን። ቀኑን ሙሉ መንጠቆ ጥለን ተቀመጥን። አንድም ዓሣ አልነካንም። ያን ጊዜ አልገባንም፤ ዛሬ ገብቶናል።

አሁን ደግሞ ወደ ጣና እንሂድ። ጣና ለኛ ሩቅ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ከተመረቀ ወዲህ፣ የጣና ውኃ በዋሻ ተመርቶ ወደ በለስ ይወርዳል። ስለዚህ የጣና ነገር የኛም ነገር ነው።

በጣና ዙሪያ ያለው ሰው ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ ያጠምድ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ትልልቅ መረብ መጣ። ገበያው ደራ፤ ብዙ ሰው ተጠቀመ። ነገር ግን ቢልጫው ሊራባ ወደ ወንዞች ሲወጣ በወንዝ አፍ ላይ ይያዝ ጀመር። ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. የነበረውን ሁኔታ አጠኑ። በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ከአራት ቢልጫ ሦስቱ ጠፍተዋል። ጫጩቱማ ከዚያም የባሰ ቀነሰ። አስተውሉ፤ የጣና ቢልጫዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር ሌላ አገር የሌላቸው ናቸው።

በኛ በመተከልም አዲስ ሐይቅ ተፈጥሯል። በጉባ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ። ውኃ መያዝ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሐይቁ ንጋት ተብሏል። ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። የበለስም ውኃ ወደዚያው ይፈስሳል። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ከሐይቁ ዓሣ ያወጣሉ። ይህ ትልቅ በረከት ነው።

ነገር ግን አንድ ምሥጢር እንንገራችሁ። አዲስ ሐይቅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ዓሣ ይሰጣል። ለምን? ውኃው የዋጠው ሣርና ቅጠል ይበሰብስና ለዓሣ ምግብ ይሆናል። ያ ምግብ ሲያልቅ የዓሣውም ብዛት ይቀንሳል። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ባለው የካሪባ ሐይቅ ይህ በ1950ዎቹ ታይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥጋብ አይተን፣ «ይህ ሐይቅ መቼም አያልቅም» ብንል እንታለላለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

በሩቅ አገርም ይህን ያውቁታል። በአሜሪካ ባስና ክራፒ የሚባሉ የሐይቅ ዓሣዎች አሉ። ሰው በዕረፍት ቀኑ ጀልባ ይዞ እነሱን ሊያጠምድ ይሄዳል። ግን ዝም ብሎ አይሄድም፤ ፈቃድ ያወጣል። በብዙ ሐይቆች ላይ ዓሣውን በማስመሪያ ይለካል። ከተወሰነው ልክ ካነሰ እዚያው ይለቀዋል። በቀን ምን ያህል እንደሚወስድም ይነገረዋል። የተረፈው ሰው እንኳ በዓሣ ቀልድ የለውም!

እንግዲህ እናንተ ወደ ውኃ ስትወርዱ እነዚህን አትርሱ።

አንደኛ፣ ጫጩት ከያዛችሁ ወዲያው መልሱ። እጃችሁን በውኃ አርጥባችሁ ያዙት፤ ደረቅ እጅ ገላውን ይጎዳዋል። እንደኛ በጆንያ ከትታችሁ አትከራከሩ።

ሁለተኛ፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ አትግዙ። ጫጩቱን ሁሉ ይለቅማል።

ሦስተኛ፣ በክረምት የወንዝ አፍ አትዝጉ።

አራተኛ፣ ብርብራና ሌላ መርዝ አትጠቀሙ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅም ይህን ይከለክላል።

አምስተኛ፣ በቈላ ሙቀት ዓሣ ቶሎ ይበላሻል። እንደያዛችሁ ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ እጠቡ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። የተረፈውን ጨው ነስንሳችሁ አድርቁት። የሚበላሽ ዓሣ ካላወጣችሁ ብዙ መያዝም አያስፈልጋችሁም።

ስድስተኛ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል። በዓባይ ዘንዶው ቢቀር አዞ አለ፤ ጉማሬም አለ።

የጣና ውኃ ወደኛ መጥቷል። የጣናም ትምህርት አብሮ ይምጣልን።

ለመወያያ፦ ይህን ጽሑፍ ለጎረቤቶቻችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ከዚያም ተነጋገሩ። በአካባቢያችሁ ወንዝ ከዐሥር ዓመት በፊት ምን ዓይነት ዓሣ ነበር? ዛሬስ አለ? ከሌለ ምን አጠፋው? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉት።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።