መጠጥ ቤት የሚገዛ ሰው በጨዋታ ቀን አይግዛ

የነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ ነው። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። የሕንፃ ሥራ ቆሟል፣ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሰው መኪና ዳር ይዟል፣ ጉሊቱ በላስቲክ ተሸፍኗል። በዚህ ሰዓት ጣራ፣ ወንበርና ስክሪን ያለው ድራፍት ቤት ግን መቆሚያ ጠፍቶበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይጀምራል። የአርሴናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ እርጥብ ጃኬቱን ሳያወልቅ ጃምቦውን ይዞ ይጮሃል። የቤቱን ቁልፍ ለመሸጥ የተዋዋለው ደላላ ገዢውን ይዞ የሚመጣው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው።

ደላላው አልዋሸም። ቤቱ እውነትም ሞልቷል። ገዢው ግን ያየው የቤቱን ገበያ ሳይሆን የዝናቡንና የኳሱን ገበያ ነው። ሁለቱም ከቁልፉ ጋር አብረው አይሸጡም። በዕቁብ ያጠራቀመውን አውጥቶ ወይም መኖሪያ ቤቱን ለባንክ አስይዞ ወደዚህ ንግድ የሚገባ ሰው ይህን ልዩነት የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ውሉን ከፈረመ በኋላ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

የኳስ ገበያ በሰማይ ያለች ላም ናት። ወተቷ ጥሩ ነው፤ መቼ እንደምትታለብ የሚወስነው ግን ባለቤቱ አይደለም። የእንግሊዝ ሊግ በግንቦት ተዘግቶ እስከ ነሐሴ ድረስ አይከፈትም። የአገር ውስጡ ሊግም በክረምቱ እረፍት ላይ ነው። ስለዚህ ዝናቡ በሚበረታባቸው የሐምሌ ሳምንታት ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። እንደ 2016 ዓ.ም. ያለ ዓመት ሲመጣ ነገሩ ይለያል። በዚያ ዓመት የአውሮፓ ዋንጫ በጀርመን ከሰኔ እስከ ሐምሌ ተካሂዶ የምሽቱን ወንበር ሞልቶት ነበር። እንዲህ ያለው ሲሳይ ግን በየዓመቱ አይገኝም።

ሌላም ችግር አለ። ከባድ ዝናብ የሳተላይቱን ሞገድ ያዳክማል። ሰማዩ በተቀደደ ሰዓት ስክሪኑ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ደንበኛውን ወደ ቤት ያስገባው ዝናብ ደንበኛው የመጣለትን ጨዋታ ይወስድበታል ማለት ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ ነገሩ ያበቃል። ጄኔሬተር የሌለው ቤት ሒሳቡን ሰብስቦ እንግዳውን ከመሸኘት ሌላ ምርጫ የለውም።

የአገር ውስጥ ኳስ ከስታዲየም ወደ መጠጥ ቤት መግባቱም መታወስ አለበት። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ መካሄድ ሲጀምሩና በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ የአዲስ አበባ ክለብ ደጋፊ ክለቡን የሚያየው በስክሪን ሆነ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ደረጃውን ባለማሟላቱ ከዓለም አቀፍ ጨዋታ መታገዱም ተጨመረበት። ይህ ለመጠጥ ቤቶች በረከት ነበር። ነገር ግን ከሌላ ሰው ችግር የተገኘ በረከት ነው፤ ስታዲየሙ ሲከፈትና ሊጉ ሲመለስ አብሮ ይሄዳል። በዚህ ላይ የአሥር ዓመት የሊዝ ውል መፈረም ድፍረት ነው።

ወንበር ስንት ሰዓት ይሸጣል?

የመጠጥ ቤት ዕቃው ቢራ ይመስላል። ቢራው ግን በሁሉም ቤት አንድ ነው። አከፋፋዩ አንድ፣ በርሜሉ አንድ፣ የኤክሳይዝ ታክሱና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክሱም አንድ ነው። ቤትን ከቤት የሚለየው እንግዳው በአንድ ወንበር ላይ የሚቆይበት ጊዜና በዚያ ጊዜ የሚያዘው ነው።

ለምሳሌ ያህል 60 ወንበር ያለው ቤት እንውሰድ። በጨዋታ ሰዓት ሁሉም ወንበር ተይዟል። ዓይኑን ከስክሪኑ የማይነቅል ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት ጃምቦ ቢጠጣ 120 ጃምቦ ይሸጣል። ምግብ የሚያዝ ጥቂት ነው። ፊሽካው ሲነፋ ተሸናፊው ተናድዶ፣ አሸናፊው ሌላ ቤት ሊጨፍር ይወጣል። አሁን ደግሞ ያው ቤት ማታ በግማሽ ወንበር፣ ማለትም በ30 ሰው፣ ከሙዚቃ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ቢቆይ እንበል። አንዱ እንግዳ አራት ቢጠጣ እነሆ 120 ጃምቦ። ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ እኩል ተሸጠ። ጥብሱ፣ ክትፎውና ጠርሙሱ ገና አልተቆጠረም። በብርድ ሌሊት ከቀዝቃዛ ድራፍት ይልቅ ጂንና ዊስኪ የሚጠራው፣ ወዳጆቹንም የሚጋብዘው ይኸው የማታው እንግዳ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከቤት መውጣት አይቻልም። ዋልያስ ባንድ በሂልተን፣ ሮሃ ባንድ በግዮን ሆቴል በሚጫወቱበት በዚያ ጊዜ፣ ሌሊቱን በሙዚቃ ቤት የጀመረ እንግዳ እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። በሩን የዘጋው ሰዓት እላፊው ነው፤ እንግዳውን ያላሰለቸው ግን ባንዱ ነው። የክረምት ዝናብም ቀለል ያለ ሰዓት እላፊ ነው። ታክሲ የጠፋበት፣ ጫማው የበሰበሰበት ሰው አንድ ሰዓት መቆየት አይከብደውም። ለዚያች አንድ ሰዓት የሚያቀርቡለት ነገር ያላቸው ቤቶች ናቸው የሚያተርፉት።

የሰዓቱ አቀማመጥም ይመቻል። በነሐሴና በመስከረም ዋናው የቅዳሜ ጨዋታ 11 ሰዓት ይጀምራል፣ የማታው 1፡30 ጀምሮ 3፡30 ግድም ያልቃል። ኪቦርዱና ሳክስፎኑ፣ ወይም አንድ ማሲንቆና አንድ ከበሮ፣ ከዚያ በኋላ ቢነሱ ደጋፊው ሳይበተን ወደ ሙዚቃው ይሸጋገራል። ማሲንቆ ደግሞ መብራት አይፈልግም፤ በሻማም ይጫወታል።

ሙዚቀኛው ወጪ ነው ወይስ ዕቃ?

ይሁንና ብዙው ባለቤት ለስክሪን፣ ለዲኮደርና ለሶፋ ሲከፍል አያመነታም፤ ለባንድ ሲሆን ግን እጁ ይታጠፋል። «ሽልማት ያገኛሉ» ይላል። እንግዳው በግንባራቸው ላይ የሚለጥፈውን ብር ደመወዝ ያደርገዋል። ውጤቱ የታወቀ ነው። ጎበዙ ድምፃዊ ሁለት ቅዳሜ ከሠራ በኋላ የተሻለ ወደከፈለው ይሻገራል፣ ደንበኛውም ይከተለዋል። ባለቤቱ ድምፃዊውን ወጪ ብሎ ቆጥሮት ነበር፤ ሲሄድ ግን ገቢው አብሮ እንደሄደ ያየዋል።

የተቀዳ ዘፈን በማጫወት መተካት ይቻላል የሚሉ አሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ግን ሥራን በሕዝብ ፊት ማቅረብ የባለ መብቱ መሆኑን ደንግገዋል። ዛሬ ሰብሳቢው በር አላንኳኳም ማለት ነገ አያንኳኳም ማለት አይደለም። ቁልፍ የሚገዛ ሰው ይህንንም ዕዳ አብሮ እንደሚገዛ ይወቅ።

ቢራ ፋብሪካዎች ይከፍላሉ ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። ሐረር ቢራና ዳሽን ቢራ በሊጉ ክለብ ያሰለፉበት፣ ኮንሰርቱ ሁሉ በቢራ ስም የሚታወቅበት ጊዜ ነበር። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣ ወዲህ ያ ገንዘብ እንደ ድሮው አይፈስም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ማጉያ፣ ሚክሰርና ኪቦርድ በብር ሲታሰብ ዋጋው ንሯል። መሣሪያ ያለው ባንድ ዛሬ ከሶፋው በላይ ዋጋ አለው።

እርግጥ ሙዚቃ ቤትም የራሱ አደጋ አለው። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል በውስጡ የነበረው ጃዛምባ አብሮ ወደመ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃ የቆየበትን ሥፍራ ለቀቀ። ወንበርና ጠረጴዛ በአንድ ጭነት መኪና ይጓዛል፤ የአካባቢ ልማድ ግን በአንድ ቀን አይጓዝም። ስለዚህ የሊዙ ዘመን፣ የአካባቢው ፕላንና የእሳት መድኅኑ ከባንዱ በፊት መታየት አለባቸው።

ገዢው ምን ይይ?

በመጀመሪያ የጾሙን ቀመር ይይ። ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ይፈታል፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ኳስ የሌለበት፣ ሥጋው ግን የተፈቀደበት ነው። ቤቱ በራሱ ጉልበት ይሠራ እንደሆነ የሚፈተነው በእነዚህ ሳምንታት ነው። በፍልሰታ ጥብስ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ከነሐሴ 16 እስከ እንቁጣጣሽ ያለው ጊዜ ግን ሁሉም ቤት የሚሞላበት ስለሆነ ሻጭ ሁሉ ቤቱን ማሳየት የሚወደው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም የአንድ ቅዳሜ ሳይሆን የአሥራ ሁለት ወር የግዢ ደረሰኝ ይጠይቅ። በሐምሌ ስንት በርሜል ገባ? በጥቅምት ስንት? ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የሚሸጥለት ቤት ሳይሆን የጨዋታ ፕሮግራም ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ። ደላላውም ቢሆን በዚህ አይከሰርም። ከስሮ በዓመቱ የሚያኮርፍ ገዢ ሁለተኛ ደንበኛ አያመጣለትም።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ነገር ግን ዓይኑ ያየበት ቀንም መመርመር አለበት። ገዢው ጃንጥላውን ይዞ፣ ማንንም ሳያስከትል፣ ኳስ በሌለበት የሐምሌ ዓርብ ማታ በ4 ሰዓት ይግባ። ዝናቡ ቆሞ ሰው ካልተነሳ፣ ያ ቤት ቢገዛ ያዋጣል።