«ከአሜሪካ ሕዝብ» የሚለው ጆንያና የእስቴ መስጂዶች

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ አሜሪካን የማያውቅ ሽማግሌ ማግኘት ይቸግራል። የሚያውቋት ግን በዜና ሳይሆን በጆንያ ነው። ሁለት እጆች የተጨባበጡበት ምልክት፣ ከሥሩም በእንግሊዝኛ «ከአሜሪካ ሕዝብ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የእርዳታ ስንዴ ጆንያ እህሉ ካለቀም በኋላ ከቤት አይወጣም፤ ይነጠፋል፣ ሌላ እህል ይያዝበታል። የዘይቱ ቆርቆሮም ሥራ አያጣም። ሰልፉ ላይ ደግሞ ሙስሊምና ክርስቲያን አይለይም። በደቡብ ጎንደር ከሕዝቡ ከመቶ አምስት የማይሞላው ሙስሊምም የድርሻውን ተቀብሏል፣ ለሰጪውም ዱዓ አድርጓል።

ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከመቶ 77 ኢትዮጵያውያን ስለ አሜሪካ በጎ አመለካከት ነበራቸው። ቁጥሩ የሁለቱንም እምነት ተከታዮች የያዘ ነው። በዚያው ዓመት በቱርክ የተገኘው ከመቶ 9 ብቻ ነበር። የኢራቅ ጦርነት አራተኛ ዓመቱን የያዘበት ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል። አንዱ አሜሪካን በጎረቤቱ ላይ በወደቀ ቦምብ፣ ሌላው በስንዴ ያውቃታል።

አሜሪካዊውስ ሙስሊሙን በምን ያውቀዋል? ጋሉፕ ከመስከረም 1ዱ ጥቃት በኋላ ከ35 በላይ በሆኑ አገሮች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞችን አነጋግሮ ነበር። ውጤቱን ጆን ኤስፖዚቶና ዳሊያ ሞጋሄድ እ.ኤ.አ. በ2008 በመጽሐፍ አወጡት። ሙስሊሞቹ ከምዕራቡ ዓለም ምን እንደሚያደንቁ ሲጠየቁ ቴክኖሎጂውን፣ ነጻነቱንና የሕግ የበላይነቱን ጠቀሱ። ቅሬታቸውም ባብዛኛው ያነጣጠረው በመንግሥታቱ ፖሊሲ ላይ ነበር፤ ስለ ፈረንሳይና ስለ ጀርመን የሰጡት አስተያየት ስለ አሜሪካና ስለ ብሪታንያ ከሰጡት የተሻለ የሆነውም ለዚህ ነው። አሜሪካውያን ደግሞ ከሙስሊሙ ዓለም ምን እንደሚያደንቁ ሲጠየቁ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ምንም» ወይም «አላውቅም» አሉ። ሁለቱ መልሶች በአንድ ላይ መደመራቸው አይዋጥልንም። በማስተማር ባሳለፍናቸው ዓመታት «አላውቅም» ካለ ተማሪ ጋር ሥራ ይጀመራል፤ «ምንም» ያለው ግን ነገሩን ዘግቶታል።

ፒው በኋላ ባደረጋቸው ጥናቶች አሜሪካውያን ለሙስሊሞች ያላቸውን ስሜት ከ0 እስከ 100 በሚለካ ሚዛን አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2014 አማካዩ 40 ነበር፤ በ2017 ወደ 48 ከፍ አለ። ሙስሊም በግል የሚያውቁት ከማያውቁት የተሻለ ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚህ ተነስቶ «መተዋወቅ ጥላቻን ያጠፋል» የሚለው ድምዳሜ በየአዳራሹ ይደጋገማል፤ እኛም አገር የሃይማኖት ተቋማት ስብሰባ ላይ የሚነገረው ይኸው ነው። እኛ ግን ግማሽ እውነት ነው እንላለን። ለዚህም ሁለት ቦታ የተጠቁ መስጂዶችን እናነጻጽር።

የመጀመሪያው በሚኒሶታ ግዛት ብሉሚንግተን የሚገኘው ዳር አልፋሩቅ ነው፤ ሰጋጆቹ አብዛኞቹ የሶማሌ ተወላጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 2017 በፈጅር ሰላት ሰዓት ቦምብ በኢማሙ ቢሮ መስኮት ተወረወረ፤ በአላህ ጥበቃ የተጎዳ ሰው አልነበረም። አጥቂዎቹ ከሌላ ግዛት፣ ከኢሊኖይ፣ ረጅም መንገድ ነድተው የመጡ ነበሩ። በቅርቡ የሚኖሩት ጎረቤቶች ግን በቀናት ውስጥ በመቶዎች ሆነው ከመስጂዱ ጎን ቆሙ። የጥቃቱ መሪ በ2021 የ53 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እዚህ ጋ መተዋወቅ ሠርቷል፤ ፍርድ ቤቱም ሠርቷል።

ሁለተኛው ቅርባችን ነው። በ2011 በእስቴ መስጂዶች ተቃጠሉ። መነሻው በወቅቱ እንደተዘገበው በአንድ ሰርግ ላይ ተፈጸመ የተባለ ነገር ወሬ ነበር። የእስቴ ሙስሊምና ክርስቲያን እንደ አሜሪካዊውና እንደ ስማዳው ገበሬ የማይተያዩ አልነበሩም። ገበያቸው አንድ ነው፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ፣ ይጠራራሉ። ወሬው የተነሳው ራሱ ሰዎች ከሚተዋወቁበት ቦታ፣ ከሰርግ ነው። መተዋወቁ ብቻውን መስጂዶቹን ከእሳት አላዳናቸውም። ከዚያ ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ተከተለ፤ ሚያዝያ 2014 ደግሞ በጎንደር ከተማ ለቀብር የወጡ ወገኖቻችን ተገደሉ።

ሱረቱል ሑጁራት ላይ ሰዎች በጎሳና በነገድ የተደረጉት እንዲተዋወቁ መሆኑ የተነገረው በ13ኛው አንቀጽ ነው፤ በየመድረኩ የምንሰማውም እሱን ነው። ወሬ ሲመጣ ማጣራት የታዘዘው ግን ቀደም ብሎ፣ በ6ኛው ነው። የሚገርመው የመድረኩ ተናጋሪ ሁሉ ስድስተኛውን ዘሎ አስራ ሦስተኛው ላይ ማረፉ ነው። ሁለቱን አጣምሮ የሚያነብ ሰው ስለ እስቴ የሚጠይቀው «ለምን አልተዋደዱም?» ብሎ አይሆንም። ወሬውን ማን ጀመረው? ያጣራ ሹም ነበር? ያቃጠለው ሰው ስሙ በየትኛው ችሎት ተጠራ? ብሎ ነው። ዳር አልፋሩቅ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አግኝቷል፤ እዚያ ያለው ሙስሊም ስለ አሜሪካ የሚኖረው ግምትም ከዚህ መልስ የሚለይ አይደለም።

ጆንያው ደግሞ አሁን እየጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 እርዳታው ለሌላ ወገን እየተላለፈ ነው ተብሎ በመላ አገሪቱ ለወራት ተቋረጠ። በጥር 2025 አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን አገደ፤ ዩኤስኤድም በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተዘጋ። በአማራ ክልል ጦርነቱ ገበሬውን ባደከመበት ጊዜ የሆነ ነገር ነው። የስማዳ እናት የነጠፈችው ጆንያ እስኪያልቅ ድረስ የተጨባበጡት እጆች ይታያሉ። ኔትወርክ ሲኖር በስልኩ የጋዛን ፍርስራሽ የሚያየው ልጇ ግን አሜሪካን የሚያውቃት በሌላ መንገድ ነው፤ ፒው ዛሬ መጥቶ ቢጠይቀው የሚሰጠው መልስ የእናቱ አይሆንም።