የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ምርጡን አውራ በግ ለምን አስቀድሞ ይሸጣል?

በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ብዙው ገበሬ ከእርሻው ጎን ጥቂት በጎች ያረባል። የአካባቢው በግ ዋሸራ በመባል የሚታወቀው ዝርያ ሲሆን፣ ላቱ አጭርና ወፍራም፣ ቀንድ የሌለው፣ ፈጥኖ የሚያድግ የሥጋ በግ ነው። ጸጉሩ አጭር በመሆኑ እንደ መንዝ በግ ተሸልቶ ለባና አይሆንም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች አልፓካ የተባለውን የግመል ወገን እንስሳ የሚያረባ ቤተሰብ፣ ጸጉሩን ሸልቶ ሲሸጥ እንስሳው በበረቱ ይቀራል። የዋሸራ አርቢ ግን ገንዘብ የሚያገኘው በጉን ራሱን ሲሸጥ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

የማዳበሪያ ዕዳ ሲደርስ ወይም የልጆች ደብተር መግዣ ሲጠፋ፣ ወደ ገበያ የሚነዳው ፈጥኖ ያደገው ወንድ ጠቦት ነው። ነጋዴውም ዓይኑን የሚጥለው በእርሱ ላይ ነው። በመንጋው ውስጥ የሚቀረው የቀጨጨው፣ ገዢ ያጣው ጠቦት ሲሆን፣ በወል ግጦሹ ላይ እናቶቹን የሚያጠቃውም እርሱ ነው። የሚመጣው ዓመት ግልገሎች እንግዲህ ገበያ የናቀው በግ ልጆች ናቸው ማለት ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ዝርያው በገበሬው በራሱ እጅ ይዳከማል።

ለዚህ ገበሬውን መውቀስ አይገባም። አንድ አውራ ከ25 እስከ 30 እናት በጎች ሊያዳርስ ስለሚችል፣ አምስት እናት ብቻ ላለው ቤተሰብ ምርጥ አውራ ቀልቦ ማቆየት ኪሳራ ነው። ለአምስትና ለስድስት ቤተሰብ በጋራ ሲሆን ግን ወጪው ይቀላል። ጉዳዩ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን የሚመለከተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀደም ሲል መፍትሔው ከውጭ ይፈለግ ነበር። በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ እንደ ኮሪዴልና አዋሲ ያሉ የውጭ ዝርያዎች ከአገር በጎች ጋር ተዳቅለው ለገበሬዎች ታድለዋል። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ ገበሬዎች ከራሳቸው መንጋ አውራ እየመረጡ በጋራ የሚጠቀሙበት አሠራር ተጀመረ። ለቢቸናና ለሞጣ የሚቀርበው ይኸኛው መንገድ ነው፤ ዋሸራ ፈጣን ዕድገቱን ከሌላ የሚበደር በግ አይደለምና።

አስቸጋሪው ምርጫው ሳይሆን ክፍያው ነው። ምርጥ ጠቦት ያለው ሰው ገንዘብ ፈልጎ ሳለ «ለማኅበሩ ጥቅም አቆየው» ቢባል አይሰማም፤ ባይሰማም አይፈረድበትም። አባላት አዋጥተው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ቢገዙት ግን ክርክሩ ያበቃል። ምርጫው ጠቦቶቹ ስድስት ወር ሲሆናቸው፣ የበዓል ገበያ ሳይደርስ መደረግ አለበት። የጠቦቱን ቁመና ብቻ ማየት አይበቃም፤ እናቱ መንታ ትወልድ እንደሆነና ወተቷ ይበቃ እንደሆነ ባለቤቲቱን መጠየቅ ይገባል፤ ግልገል የምታሳድገው እርሷ ናትና ከባሏ ይልቅ እርሷ ታውቃለች።

ይሁንና ሌሎቹ ወንድ ጠቦቶች ካልተኮላሹ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ግጦሹ የወል ስለሆነ የአንድ እምቢተኛ ቤት ጠቦት የሁሉንም መንጋ ያበላሻል። ተኮላሽቶ የደለበ ሙክት ደግሞ በበዓል ገበያ ተፈላጊ ስለሆነ ባለቤቱ አይጎዳም።

ጊዜውንም ማስላት ያስፈልጋል። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ያህል ነው። በግንቦት መጀመሪያ የተጠቃች በግ በመስከረም መጨረሻ፣ ሣሩ ሳይደርቅ ትወልዳለች፤ ጠቦቱም ለተከታዩ እንቁጣጣሽ 11 ወር ይሞላዋል። ግንቦት ግን እናቶቹ የሚከሱበት ወቅት ነው። በቢቸና ዋልካ መሬት ግጦሹ ለጤፍ እየታረሰ ስለጠበበ፣ ጭዱን ለምርጊት ከመሸጥ አስቀርቶ፣ ጥቂት የጓያ ገለባና የኑግ ፋጉሎ ጨምሮ ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ መቀለብ ይበጃል።

በሽታን በተመለከተ የማኅበር ውሳኔ የሚሻው አዙሪት ነው። በጉን እያዞረ የሚገድለው የውሻ ኮሶ እጭ ሲሆን፣ ውሻው የሚይዘው የታመመ በግ ጭንቅላት ሲጣልለት ነው። ጭንቅላቱን መቅበር ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ቤት ብቻውን ቢያደርገው ግን ዋጋ የለውም።

አውራው ከሁለት ዓመት በላይ በአንድ መንጋ ከቆየ የገዛ ልጆቹን ስለሚያጠቃ ከጎረቤት ማኅበር አውራ ጋር መለዋወጥ ግድ ነው። ከልውውጡ በፊት ሁለቱም ወገኖች በጎቻቸውን ለበግ ፈንጣጣና ለበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ያስከትቡ፤ አዲስ የመጣውም አውራ ከመንጋው ሳይቀላቀል ሦስት ሳምንት ያህል ለብቻው ይቆይ።