የፖስታ ሣጥንዎ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ውድ አንባቢ፣ ይህ አባባል ወረቀት በሣጥን ተቆልፎ በሚቀመጥበት ዘመን እውነት ነበር። ዛሬ ግን በጽሑፍ ያለውም ቢሆን፣ የተቀመጠበት ቦታ በቅጡ ካልታወቀ፣ ኮምፒዩተሩ ሌሊት አፕዴት አድርጎ ጧት ሲከፈት የማይገኝበት ጊዜ አለ።

በሰሜን ለንደን አነስተኛ ምግብ ቤት ያላቸው አንድ ደንበኛዬ በጃንዋሪ ወር መጨረሻ፣ የታክስ መግለጫ ማስገቢያው ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ደወሉልኝ። ድምፃቸው መርዶ የሰማ ሰው ድምፅ ነበር። «ማታ አፕዴት አደረገ፤ ጧት ስከፍተው የስድስት ዓመት ደብዳቤ የለም» አሉኝ። የአቅራቢዎች ኢንቮይስ፣ የኪራይ ውል፣ የሠራተኞች የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ሁሉም እዚያው ነበር። የከፋው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። የእኅታቸው ልጅ ሊረዳቸው መጥቶ አካውንቱን ከፕሮግራሙ ላይ ሰርዞ እንደገና ገጠመው። ኢሜይሉ በድሮው አሠራር፣ ማለትም ደብዳቤው ወደ ኮምፒዩተሩ እንደ ወረደ ከላኪው ማዕከል እንዲሰረዝ ተደርጎ የተገጠመ ስለ ነበር፣ የቀረችው አንዲት ቅጂ አብራ ጠፋች። ያዳንነው ከየአቅራቢው እየለመንን መልሰን የሰበሰብነውን ብቻ ነው።

በበኩሌ ከጥፋቱ ነፃ ነኝ ማለት አልችልም። ለዓመታት ሒሳባቸውን ስሠራ ስንት ሸጡ፣ ስንት ከፈሉ እያልኩ ስጠይቅ፣ «ደብዳቤዎ ሌላ ቦታ ቅጂ አለው ወይ?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። ስለዚህ ዛሬ የምለው ይህ ነው፤ ኢሜይል የኮምፒዩተር ጠጋኝ ጉዳይ ሳይሆን፣ እንደ ገንዘብ ሣጥን የባለ ሱቁ የራሱ ጉዳይ ነው።

«ትልቅ ኩባንያ ይዞልኛል፤ ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 መጨረሻ ጉግል የማከማቻ ሶፍትዌሩን ሲያሻሽል በተፈጠረ ስሕተት፣ ከጂሜይል ተጠቃሚዎች 0.02 በመቶ ያህሉ ሣጥናቸውን ባዶ አገኙት። ኩባንያው የእያንዳንዱን ደብዳቤ ብዙ ቅጂ በተለያዩ ማዕከሎች ያስቀምጥ ነበር፤ ስሕተቱ ግን ቅጂዎቹንም ነካቸው። ደብዳቤዎቹ የተመለሱት ከመረቡ ውጭ በቴፕ ተቀድቶ ከተቀመጠው ነው። ማይክሮሶፍትም በኦክቶበር 2018 ያወጣውን የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ፣ የአንዳንድ ሰዎችን ፋይል ማጥፋቱ ስለ ታወቀ፣ በቀናት ውስጥ ለማቆም ተገድዷል። ጉግል ቴፕ ካስፈለገው፣ የእርስዎ ሱቅ ፍላሽ ቢያስፈልገው ምን ይገርማል?

ታዲያ ጧት ሣጥኑን ባዶ ሆኖ ቢያገኙት ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ ምንም ነገር አይሰርዙ። አካውንቱን ከፕሮግራሙ አያውጡ፤ ፕሮግራሙንም ነቅለው እንደገና አይጫኑ። የደንበኛዬን ደብዳቤ ያጠፋው አፕዴቱ ሳይሆን ከአፕዴቱ በኋላ የተደናገጠ እጅ ነው።

ሁለተኛ፣ በስልክዎ ወይም በሌላ ኮምፒዩተር የኢሜይል ኩባንያውን ድረ ገጽ ከፍተው ይግቡ። ደብዳቤዎቹ እዚያ ካሉ አልጠፉም፤ የታመመው የእርስዎ ፕሮግራም ነው።

ሦስተኛ፣ የምሥጢር ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ «ስሕተት ነው» እያለ ደጋግሞ ከጠየቀዎ፣ ፕሮግራሙ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 ጀምሮ ለግል የአውትሉክ አካውንቶች በስምና በምሥጢር ቃል ብቻ የሚገባበትን አሮጌ መንገድ ዘግቷል። የዊንዶውስ የቀድሞው «ሜይል» ፕሮግራምም ድጋፉ በዲሴምበር 31 ቀን 2024 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አይልክም፣ አይቀበልም፤ በውስጡ የተቀመጠውን ግን ማውጣት ይቻላል። እንዲህ ከሆነ የሚያስፈልገው አዲስ ፕሮግራም እንጂ አዲስ የኢሜይል አድራሻ አይደለም።

አራተኛ፣ በድረ ገጹም ካላገኙት መጣያውን፣ ስፓሙንና አርካይቩን ይፈትሹ። ጂሜይል የተጣለ ደብዳቤን የሚያቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ «የሚቀጥለው ቅዳሜ አየዋለሁ» እያሉ ወር አያሳልፉ።

አምስተኛ፣ ደብዳቤው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ብቻ ከነበረና የሚጠቀሙት አውትሉክ ከሆነ፣ ስሙ በ«ፒኤስቲ» የሚያልቅ ፋይል ይፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ በዶክዩመንትስ ሥር «አውትሉክ ፋይልስ» በሚባል ማኅደር ውስጥ ይገኛል። ሲያገኙት ከመነካካትዎ በፊት ወደ ፍላሽ ይቅዱት። ካላገኙት ኮምፒዩተሩን ዘግተው ወደ ባለሙያ ይውሰዱ፤ አዲስ የሚጻፈው በጠፋው ላይ ሊጻፍበት ይችላልና።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በግል ሥራ የሚተዳደር ሰው የሒሳብ ሰነዱን፣ የዚያ የታክስ ዓመት መግለጫ ማስገቢያ ከሆነው ጃንዋሪ 31 ቀን ጀምሮ ቢያንስ 5 ዓመት መያዝ አለበት። ሰነዱ ጠፍቶ መተካት ካልተቻለ የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም ኤችኤምአርሲ፣ የሚጠይቀው የተቻለውን ያህል ትክክለኛ ግምት እንዲቀርብና ግምት መሆኑ በመግለጫው ላይ እንዲገለጽ ነው። መግለጫውን በማዘጋጀት ላይ ሳሉ ኮምፒዩተር ቢበላሽ እንደ በቂ ምክንያት ሊቆጠር ይችላል። «ማስታወሻ አልደረሰኝም» ማለት ግን ተቀባይነት እንደሌለው መሥሪያ ቤቱ በግልጽ ጽፏል። ልዩነቱን ልብ ይበሉ፤ ኢሜይል ባያገኙም ቀኑን የማወቅ ኃላፊነት የእርስዎ ነው።

ሠራተኛ የሚቀጥሩ ከሆነም፣ የሥራ ፈቃዱን ያረጋገጡበትን ቅጂ ሠራተኛው እስካለና ከለቀቀም በኋላ 2 ዓመት መያዝ ይጠበቅብዎታል። ፈቃድ የሌለው ሰው ሲሠራ ከተገኘ ቅጣቱ ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ በመጀመሪያው ጊዜ በአንድ ሰው እስከ 45,000 ፓውንድ ደርሷል። በደንቡ መሠረት ማጣራትዎን የሚመሰክርልዎ ያ ቅጂ ነው። ኩባንያ ያለው ደግሞ ከማርች 4 ቀን 2024 ጀምሮ ለካምፓኒስ ሃውስ የኢሜይል አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ሆኖበታል።

ስለ ኢቪዛ ብዙዎች ይጨነቃሉ። አብዛኞቹ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዶች በዲሴምበር 31 ቀን 2024 ጊዜያቸው አልፏል፤ ወደ ኢቪዛ አካውንት መግቢያው ኮድ የሚላከውም በተመዘገበው ኢሜይል ወይም ስልክ ነው። ኢሜይልዎ ቢጠፋ ፈቃድዎ አይጠፋም፤ ፈቃዱ የተመዘገበው በሆም ኦፊስ ዘንድ ነው። ነገር ግን ቁልፉ ከእጅዎ ከወጣ፣ አሠሪ ወይም አከራይ ማረጋገጫ ሲጠይቅዎ በራስዎ በር ላይ ቆመው ይቀራሉ። እንግዲያው ዛሬውኑ ገብተው የተመዘገበው ኢሜይልና ስልክ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ።

ይህን የምለው በብዙ ቤት የማየው ነገር ስላለ ነው። የአባት ኢቪዛ በልጁ ኢሜይል፣ የእናት ሱቅ በቀድሞ ሠራተኛዋ ስልክ ተመዝግቦ ይገኛል። ልጅ ያድጋል፣ ሠራተኛ ይለቃል፣ ዘመድ ይቀየማል። የሚረዳዎ ሰው መኖሩ መልካም ነው፤ ረዳትዎ ግን አጠገብዎ ተቀምጦ ያሳይዎ እንጂ ቁልፉን ይዞ አይሂድ። የኮሚኒቲ ማኅበሮቻችንም ለበዓል አዳራሽ እንደሚከራዩት ሁሉ፣ በዓመት አንድ ቅዳሜ ሰዎች ኢሜይላቸውን የሚያስተካክሉበትና ቅጂ የሚያስቀምጡበት ቀን ቢያዘጋጁ ብዙ እንባ ያስቀራሉ።

እኔም የደንበኞቼን አሠራር ቀይሬአለሁ። በየወሩ መጨረሻ ኢንቮይሶቻቸውን ከኢሜይል አውጥተው በወርና በዓመት በተለየ ማኅደር እንዲያስቀምጡ፣ አንዱን ቅጂ በፍላሽ ወደ ቤት እንዲወስዱ እጠይቃለሁ። ፍላሹም ኮምፒዩተሩ ላይ ተሰክቶ አይደር፤ አንድ ሌባ ሁለቱንም ይወስዳቸዋልና። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ደንበኛዬ አሁን በየወሩ መጨረሻ ይህን ያደርጋሉ፤ የስድስት ዓመቱን ግን መመለስ አልተቻለም። እርስዎ ከሚቀጥለው አፕዴት በፊት ይጀምሩ። ቸር ይግጠመን።