ሒሳብ ለኑሮ፦ አንድ ስም፣ ሁለት መስፈሪያ

ባለፈው ሳምንት ስለ ኪሎ አንብበናል። ዛሬ ስለ ፈሳሽ መስፈሪያ እናነባለን። ነገሩ የእንግሊዝ አገር ነው። ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ አገር ድሮ ቢራም ሆነ ወይን ጠጅ የሚቀመጠው በእንጨት በርሜል ነበር። በርሜሉ እንደ መጠኑ ስም አለው። ፊርኪን የሚባለው የቢራ በርሜል 9 ጋሎን ይይዛል። ሁለት ፊርኪን አንድ ኪልደርኪን ነው፤ 18 ጋሎን ማለት ነው። ሁለት ኪልደርኪን ደግሞ አንድ ሙሉ በርሜል ነው፤ 36 ጋሎን።

እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ ጋሎን የሚለው ስም ላይ ነው። በ1700ዎቹ የወይን ጠጅ ጋሎን 4 ሊትር አይሞላም ነበር። የቢራ ጋሎን ግን ከ4 ሊትር ተኩል ይበልጥ ነበር።

በርሜሉም እንዲሁ ነው። በ1531 በወጣ ሕግ የቢራ በርሜል 36 ጋሎን፣ የኤል በርሜል 32 ጋሎን ሆነ። ኤል ማለት በጥንቱ ጊዜ እንደ ጌሾ ያለ መራራ ተክል ሳይገባበት የሚጠመቅ መጠጥ ነው። ሁለቱም በርሜል ይባላሉ፤ ልዩነታቸው ግን 4 ጋሎን ነው። ቁጥር የማያውቅ ገዢ ይህን በምን ይለየዋል? ሻጩ ያለውን አምኖ ይሄዳል እንጂ።

ያው ሕግ ጠማቂዎች በርሜል እንዳይሠሩ ከለከለ። ሻጭ መስፈሪያውን ራሱ ከሠራ ማን ይቆጣጠረዋል?

በ1215 ንጉሥ ጆን ማግና ካርታ በሚባለው ጽሑፍ በአገሩ ሁሉ አንድ የወይን ጠጅ መስፈሪያ፣ አንድ የኤል መስፈሪያ እንዲኖር ቃል ገብቶ ነበር። ጋሎን ለሁሉም መጠጥ አንድ ዓይነት እንዲሆን የታዘዘው ግን በ1824 በወጣ ሕግ ነው። እስኪ እንቀንስ፦ ከ1824 ላይ 1215 ሲነሳ 609 ዓመት!

አሜሪካ ግን አሮጌውን የወይን ጠጅ ጋሎን ይዛ ቀረች። በሬዲዮ የምንሰማው የነዳጅ በርሜል 42 የአሜሪካ ጋሎን ነው፤ 159 ሊትር ያህል። በገበያ የምናውቀው ትልቁ የብረት በርሜል ግን 200 ሊትር ያህል ይይዛል። ዛሬም ስሙ አንድ፣ መጠኑ ሁለት ነው።

ስለዚህ «አንድ በርሜል» ሲሉን «ስንት ሊትር?» ብለን እንጠይቅ። ዕቃው ላይ የተጻፈውንም ቁጥር ራሳችን እናንብብ።

የሳምንቱ ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ የ36 ጋሎን ዋጋ ከፍሎ 32 ጋሎን ተሰጠው። እንዲህ አድርጎ 9 በርሜል ቢገዛ ስንት ጋሎን ይጎድልበታል? ከቤተሰባችሁ ጋር ሠርታችሁ መልሱን ወደ ትምህርት ጣቢያው አምጡ። መልሱ ያስደንቃችኋል።