ከኋላዬ የበራው መብራት

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው። እኔ ግን ነገሩ መቃጠል መጀመሩን እንኳ ያወቅሁት ከሰው ሁሉ ዘግይቼ ነው።

ከኮሎምበስ ኦሃዮ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ከስድስት ሰዓት በላይ ለሚነዳ ሰው ክሩዝ ኮንትሮል፣ ማለትም የመኪናን ፍጥነት ጠብቆ የነጂውን እግር የሚያሳርፈው መሣሪያ፣ ትልቅ ባለውለታ ነው። አንድ እሑድ ማታ የአፓላቺያንን ተራሮች መውጣት ልጀምር ስል ይህ ባለውለታዬ ከዳኝ። ቁልፉን ተጫንሁ፤ አልያዘም። ደግሜ ተጫንሁ፤ እምቢ አለ። «አርጅታለች» አልሁ ስለ መኪናዬ፤ ቀኝ እግሬ እየደነዘዘ፣ እያማረርሁ መንገዴን ቀጠልሁ። ተራራው ላይ ጭጋግና ዝናብ ነበር። ከኋላዬ የመጣ አንድ ከባድ መኪና የፊት መብራቱን ደጋግሞ ብልጭ ድርግም አደረገብኝ። «ምን ያለ ባለጌ ነው!» ብዬ መንገድ ለቀቅሁለት። ሌላም መጣ፤ እርሱም እንደዚያው አደረገ። በዚያች ሌሊት ጎዳናው ሁሉ በባለጌ የተሞላ መሰለኝ።

ቤቴ ደርሼ መኪናዬን ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥቼ አቆምኋት። ጠዋት ባትሪው ሞቶ ጠበቀኝ። በብርዱ አመካኘሁ፤ ጎረቤቴ በኬብል አስነሣልኝ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አዲሱም በአንድ ሌሊት ሞተ። ያገሬ ሰው ወደሆኑ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ የሄድሁት ይኼኔ ነው።

«ጋሼ፣ ክሩዙ አልሠራ ብሎኛል፤ ባትሪም ትጨርሳለች» አልኋቸው። ሞተሩን ከፍተው ያያሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «አጥፋትና ውረድ፤ ፍሬኑን እንዳትነካ። በል አሁን ከኋላዋ ሂድና ቁም» አሉኝ። ሄጄ ቆምሁ። ሦስቱም የፍሬን መብራቶች ፍም መስለው በርተዋል። ፍሬኑን የረገጠ ግን ማንም አልነበረም።

አረጋዊው ጎንበስ ብለው በነጂው እግር ሥር ካለው ምንጣፍ ላይ ስብርባሪ ፕላስቲክ ለቃቅመው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ሳትሰበር ከካፖርት ቁልፍ የማትበልጥ ነገር ነበረች። ከፍሬን ፔዳሉ በላይ አንድ ስዊች አለ፤ ፔዳሉ ወደ ቦታው ሲመለስ ይህች ፕላስቲክ የስዊቹን ጫፍ ገፍታ መብራቱን ታጠፋለች። በዕድሜ ደርቃ ስትፈረካከስ ግን የስዊቹ ጫፍ በባዶው ቀዳዳ አልፎ ይወጣል፤ መብራቱም በርቶ ይቀራል። የመኪናዋ ኮምፒዩተር ከዚያው ስዊች መልእክት ስለሚቀበል ነጂው ፍሬን እንደ ረገጠ ነው ብሎ ያምናል፤ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ክሩዝ ኮንትሮል መልቀቅ አለበት። እንግዲህ መሣሪያው አልተበላሸም ነበር። በተነገረው መሠረት ትክክለኛውን ሥራ ሠርቷል።

የፕላስቲኳ ዋጋ ከአንድ ስኒ ቡና አልበለጠም። ለባትሪው ያወጣሁት ገንዘብ ከንቱ ቀረ፤ እርሱ ግን ትንሹ ጉዳት ነው። ዛሬም የሚያስደነግጠኝ ያ ሌሊት ነው። በጭጋግ ውስጥ ከኋላዬ ለነበሩት ሁሉ ሳላቋርጥ «እየቆምሁ ነው፣ እየቆምሁ ነው» እያልሁ እሄድ ነበር። በእውነት ብቆምስ በምን ያውቁ ነበር? ሁልጊዜ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ከዝምታ አይለይም። እነዚያ «ባለጌ» ያልኋቸው ሰዎች ሊነግሩኝ የደከሙት ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ክሩዝ ኮንትሮል ሲቆም «ቅንጦት ነው፤ ይቅርብኝ» የሚለውን ልማዳችንን እቃወማለሁ። ቁልፉን ከመነካካት በፊት አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የፍሬኑን መብራት ይይልን። ሰው ከጠፋም መኪናዋን በምሽት ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥቶ ቀዩን ነጸብራቅ በመስተዋት ማየት ይቻላል። ፔዳሉ ሳይረገጥ ከበራ ያችን ፕላስቲክ ወይም ስዊቹን መጠርጠር ነው። ተረግጦ ካልበራ ደግሞ ፊውዙ፣ አምፖሉ ወይም ስዊቹ ይታይ፤ እስኪጠገንም መኪናዋ ከቦታዋ አትነቃነቅ። መሪው ላይ ያሉት ቁልፎችና የፍጥነት መለኪያው ሴንሰር ከዚህ በኋላ ይደርሱባቸዋል። የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ እንደሆነም ብዙ መኪኖች በዚያ ምክንያት ክሩዙን ስለሚከለክሉ እርሱን ማስነበብ ይገባል።

የዚህን መሣሪያ ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ፈልሳፊው ራልፍ ቲተር የኢንዲያና ሰው፣ መሐንዲስ፣ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ዓይነ ሥውር ነበር። ጠበቃው መኪና ሲነዳ ጨዋታ በያዘ ቁጥር ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ ሲያዳምጥ እየጨመረ ስላንገላታው ሐሳቡ እንደ መጣለት ይነገራል። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አገኘ፤ ክራይስለርም በ1958 ሞዴል መኪኖቹ ላይ አቀረበው። መንገዱን የሚያየው ነጂ የራሱን አነዳድ አላወቀም፤ ያወቀው አጠገቡ የተቀመጠው፣ መንገዱን የማያየው ሰው ነው።

እኔም ያስተዋልሁት የእኔን እግር ያደከመውን ጉድለት ብቻ ነበር። ሌላውን ሰው አደጋ ላይ የጣለው ከኋላዬ ስለነበረ አላየሁትም። ምናልባት ብዙው ጥፋታችን እንዲህ ነው፤ የምናውቀው ምቾታችንን ሲነካ፣ ያውም ስሙን አሳስተን ነው። አሁን ከኋላዬ መብራት ብልጭ ሲልብኝ ከመሳደቤ በፊት አመቺ ቦታ ፈልጌ እቆማለሁ፤ ወርጄም ከኋላ ዞሬ አያለሁ።